ያነሰው መዘውር

«ያኔ ነው ያወቅሁት» አሉ የሊዮባ አያት፣ የቼሪ አረቄ የተቀዳበትን ትንሽ ብርጭቆ በሁለት ጣታቸው እያዞሩ። «የሰዓቱ ባለ ጥርስ ትልቁ መዘውር አልገጥም ሲል። የክሌመንስ እጅ ከመስመር ወጥቶ አያውቅም ነበር። እጁ ከከዳው እሱም እየሄደ ነው አልኩ በልቤ።»

ጎረቤታቸው ኤጎን ራሱን ነቀነቀ። ይህን ወሬ ከዚህ በፊትም ሰምቶታል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጎራ ያለ ሁሉ ሰምቶታል፤ ዳቦ ጋጋሪውም፣ ቄሱም፣ የአውቶቡስ ሾፌሩም ሰምቷል።

ሊዮባ ጀርባዋን ሰጥታቸው ለእሁዱ የሽንኩርት ኬክ የሚሆን ሽንኩርት ትከትፋለች። ሽንኩርት ደግ ነገር ነው፤ ለምን ታለቅሻለሽ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። እናቷ ማርጊት በአጠገቧ ስታልፍ እጇን ሊዮባ ወገብ ላይ አሳረፈችና ሄደች። እናቷ ስለዚህ ነገር ያለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አያትሽ የሚያወሩት ስለሚያማቸው ነው፣ ተያቸው ብላታለች። ሊዮባም እስካሁን ትታቸው ነበር።

አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ክሌመንስ በግንቦት አረፈ፣ አሁን ኅዳር ገብቷል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። አባቷ ግን ምሳር የሚያነሳበት ጠላት እንኳን የለውም፤ በየእሁዱ እጁ ከዳው የሚሉት የወለዱት አባቱ ናቸው። እሱ ደግሞ ተነስቶ አልከዳኝም አይል ነገር።

አያቷ ፍሪዶሊን ሰዓት ሠሪ ነበሩ። አባታቸውም፣ የአባታቸው አባትም እንዲሁ፤ በእነሱ መንደር በጥድ ደኑ ውስጥ ክረምት ሲገባ ከእንጨትና ከሰዓት ሌላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ዛሬ የአያቷ ዓይን መሐሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቷል። ሰው ሲያናግሩ ወደ ጆሮው ነው የሚያዩት፤ ፊቱን የሚያገኙት እንደዚያ ነው። እንጨት ግን በጣታቸው ያነባሉ፣ ጣታቸው ደግሞ ይታመናል። እሳቸው እጁ ከዳው ካሉ፣ በመንደሩ ማንም አልከዳውም አይልም።

ሊዮባ ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን ታጠበች። ከዚያ ማንንም ሳታይ በጓሮው በር ወጥታ ወደ ወርክሾፑ ሄደች።

ወርክሾፑ ከግንቦት ወዲህ እሳት አልነደደበትም። አባቷ የጀመረው ሰዓት እንዳላለቀ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሚያንቀሳቅሱት ክብደቶችና ከጥቂት ሚስማሮች በቀር ብረት የሌለበት፣ ሁለመናው እንጨት የሆነ ሰዓት ነው። አባቷ ቀን ፋብሪካ ይውል ነበር፤ ቅዳሜ ግን የእንጨቱ ነበር፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ የሊዮባም። መጋዙ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ምላጩ እንደ ክር የቀጠነ፣ ሲበራ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል የኤሌክትሪክ መጋዝ። መጋዙ ቦታውን አይለቅም፤ እንጨቱን በሁለት እጅሽ እያዞርሽ የምታቀርቢለት አንቺ ነሽ። መጀመሪያ ሰሞን ሊዮባ በጣም ትገፋው ነበር። አባቷም «አትግፊው፣ መንገድ ላይ የቆመ መኪና አይደለም» እያለ ይስቅባት ነበር።

የቤቱ ሕግ አንድ ነው። የመዘውሩ ንድፍ ኮፒ ተደርጎ በኮላ እንጨቱ ላይ ይለጠፋል። ምላጩ የመስመሩን ግማሽ ይበላል፣ ግማሹን ይተዋል። ሲያልቅ በየጥርሱ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር መቅረት አለባት። መስመሯ ከጠፋች አብዝተሻል፣ ከወፈረች ፈርተሻል።

ትልቁን መዘውር አባቷ ሁለት ጊዜ ነው የሠራው። የመጀመሪያው አንድ ጥርሱ በእንጨቱ ጅማት በኩል ተሰንጥቆ ወደቀ። አዲስ ኮፒ አስፈለገ፤ ያን ጊዜ ግን አባቷ በሕመሙ ደክሞ ደረጃ መውጣት ራሱ አቅቶት ነበር። ሌሎቹን ኮፒዎች በሙሉ ፋብሪካው ውስጥ ራሱ ያነሳቸው እሱ ነው፤ በማስመሪያ ሳይለካም አንዱንም አይለጥፍም። የዚያን ቀን ግን አያቷ እኔ እሄዳለሁ አሉ። ንድፉን ጠቅልለው በአውቶቡስ ከተማ ወረዱና ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ኮፒውን ይዘው መጡ። ፊታቸው ሁሉ በርቶ ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ጀምሮ ለልጃቸው ሥራ አንድ ነገር ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነው። አባቷም አመስግኖ ተቀብሎ፣ ሳይለካ ለጠፈው። የገዛ አባቱ ያመጣለትን ወረቀት ማን ይለካል።

ያንን መዘውር የቆረጠው ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ደርቦ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው። ጥቂት ይቆርጣል፣ መጋዙን አጥፍቶ ዓይኑን ጨፍኖ ያርፋል፣ እንደገና ይቆርጣል። ሊዮባ ሰጋቱራውን እፍ እያለች መስመሩን ትገልጥለታለች። ሲያልቅ ዘንጉ ላይ አስገቡትና ከትንሿ መዘውር ጋር አገናኙት። ጥቂት ጥርስ ያህል ዞረና ተቸነከረ። ወደ ኋላ መልሰው ሞከሩ፤ እዚያም ተቸነከረ።

አያቷ መጡ፣ በጣታቸው ዳሰሱት፣ ሊያዞሩትም ሞከሩ። ከዚያ «ተወው ክሌመንስ። እጅህ ከድቶሃል፣ ራስህን አታድክም» አሉት። በክፋት አልነበረም። ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰባብሯል። ግን ከአፍ ካመለጠ ምን ይደረጋል። አባቷ መጋዙን አጠፋ፣ ሽርጡን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው፣ ከዚያ በኋላ ወርክሾፕ አልገባም።

አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ አንድ ከሰዓት ሊዮባን ጠርቶ ያንን መዘውርና ማስመሪያውን አምጪልኝ አላት። በዚህም በዚያም ለካው። ከዚያ ሳቀ፤ ሳሉ እስኪያቋርጠው ሳቀ። ምን አገኘህ ብትለው አልነገራትም።

«ይህን ነገር አያትሽ ፊት እንዳታነሺው» አላት። «ሆድ ይፍጀው። አደራ።»

ሊዮባ እሺ አለች። ምን እንደሆነ እንኳን ሳታውቅ እሺ አለች። እሱ ያረፈ ቀን አያቷ በቤቱ እየዞሩ እንደ አገሩ ወግ ሰዓቶቹን ሁሉ አቆሙ፣ ከቀብር ሲመለሱ አስነሷቸው፤ ወርክሾፑን ግን የነካው አልነበረም። አደራውም እንደዚሁ ከእሷ ጋር ቀረ።

አሁን ሊዮባ ወርክሾፑ መሐል ቆማ አንድ ነገር ወሰነች። አዲስ መዘውር እሠራለሁ፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ወሬውም ያበቃል አለች። የአባቷን ንድፍ ከመደርደሪያው አወረደች። አሮጌውን መዘውር ከዘንጉ አወጣች። ወረቀቱ ገና አልተላጠም፤ የሚላጠው መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ነው።

ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ አየችው። መጀመሪያ ያየችውን አላመነችም። በአንዱ ጥርስ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር አለች። በሚቀጥለውም አለች። ጥርስ በጥርስ እያለች ዙሪያውን ጨረሰችው፤ የጠፋችበትም የወፈረችበትም የለም። እንዲህ አድርጎ በጤናውም የቆረጠ አይመስላትም። ይህ የከዳ እጅ ሥራ አይደለም።

ታዲያ ለምን አልገጠመም? መዘውሩን ወስዳ ንድፉ ላይ፣ መሐሉን በመሐሉ አድርጋ አስቀመጠችው። የንድፉ ጥርሶች ጫፍ ከእንጨቱ ሥር ብቅ ብሎ ታየ፤ በዙሪያው ሁሉ እኩል ብቅ ብሏል። መዘውሩ ያንሳል። እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሮ ይሆን? አይሆንም። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ እንጂ በቁመቱ እንደማይኮማተር አባቷ መጀመሪያ ያስተማራት ነገር ነው፤ ደርቆ ቢሆን እንደ እንቁላል ሞላላ ይሆን ነበር። በቁመቱ ለካች፣ በወርዱ ለካች። አንድ ናቸው። ክብ ነው፣ ልክ ነው፣ ብቻ ያንሳል፤ ጥርሶቹም አብረው ስለተቀራረቡ ከትንሿ ጥርሶች ጋር አይናበቡም።

ያነሰው ወረቀቱ ነው። ትምህርት ቤት መምህሯ የሚያድሉት ኮፒ ሁልጊዜ ከመጽሐፉ እንደሚያንስ ትዝ አላት፤ ማሽኑ ዳር ዳሩን ነጭ ለመተው ብሎ ሁሉንም ትንሽ ያሳንሰዋል። አባቷ ያንን ያነሰ መስመር ተከትሎ፣ ሳይስት፣ እየደከመ፣ እስከ መጨረሻው ቆረጠ። ወረቀቱን ያመጡት ደግሞ አያቷ ናቸው።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የአባቷ ሳቅ አሁን ገባት፣ አደራውም አሁን ገባት። ለእሳቸው አስቦ ነው። ከዚያ ከወደ ቤቱ የአያቷ ድምፅ ለኤጎን እንደገና ሲያወራ ተሰማት፣ ደሟ ፈላ። ራሳቸው አበላሽተው፣ ሽርጡን ራሳቸው አስወልቀው፣ አሁን ደግሞ ለመንደሩ እጁ ከዳው ይላሉ። የዚያን ቀን ኬኩን አልበላችም።

በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ለጓደኛዋ ለፊና ሁሉንም ነገረቻት። ፊና ፈጣን ናት፤ ሒሳብም ምክርም በአፏ ላይ ነው። ሼባው የሠሩትን ይወቁት፣ አለች፤ ሌላ ሰው ላይ ማላከክ ማንም ይችላል።

«አደራ ብሎኛል እኮ» አለች ሊዮባ።

«አቦ አታካብጂ። አደራ ያለሽ ይሄ ሁሉ ወሬ እንደሚመጣ ሳያውቅ ነዋ። አሁን ቢኖር ዝም ይል ነበር?»

ሊዮባ መስኮቱን አየች። ዝም ይል ነበር፤ ችግሩ ይኸው ነው። አባቷ እንደዚያ ነበር። ይህን ለፊና ልታስረዳት አልቻለችም። ፊናም ከንፈሯን መጠጠችና፣ በቃ እንግዲያው አዲሱን ቆርጠሽ አፍሽን ዝጊ ብላ ግማሽ ዳቦዋን ሰጠቻት።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሊዮባ ወስና ነበር። እነግራቸዋለሁ። የምትለውንም ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቤት እያቀናበረች መጣች፤ እያንዳንዱን ቃል እንዲያማቸው አድርጋ። እጁ አልከዳውም፣ የከዱት እርስዎ ነዎት። ይህን ልትል ነው። ቤት ስትገባ አያቷ የሉም። የወርክሾፑ በር ገርበብ ብሏል።

አያቷ ካፖርታቸውን እንደለበሱ የልጃቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። መብራት አላበሩም፤ ለእሳቸው ለውጥ የለውም። መዘውሩ ጉልበታቸው ላይ ነው። አውራ ጣታቸው ከጥርስ ወደ ጥርስ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ላይ ይቆማል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

«ሊዮባ ነሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ነይ እስኪ፣ ዓይንሽን አበድሪኝ።»

ቀረበች። አፏ ላይ ያለው ቃል ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

«ከሐምሌ ጀምሮ እየመጣሁ እዳስሰዋለሁ» አሉ አያቷ። «እናንተ ቅዳሴ የሄድኩ ሲመስላችሁ እዚህ ነኝ። የት ላይ እንደሳተ ማወቅ ፈልጌ ነበር። የሰው እጅ ከከዳ፣ የከዳበት ቦታ ይኖራል አይደል? አንድ ጥርስ ይጎረብጣል፣ አንዱ ይሳሳል። የቱም ጋ አላገኘሁም። ጣቴም እንደ ዓይኔ ሄዷል መሰለኝ።» መዘውሩን ወደ እሷ ዘረጉት። «የቱ ጋ ነው? ያቺን አንዲት ቦታ አሳዪኝና ይለይልኝ።»

ሊዮባ መዘውሩን ተቀበለች። በመንገድ ያቀናበረችው ሁሉ ጠፋባት። አያቷ ለወሬ ሲሉ አይደለም የሚያወሩት፤ ያቺን ቦታ አጥተው ነው፤ ቢያወሩት ቢያወሩት አልወጣላቸውም።

ማንኛውንም ጥርስ ልታሳያቸው ትችላለች። አውራ ጣታቸውን ይዛ አንዱ ላይ ታሳርፍና እዚህ ጋ ነው ትላለች። ያምኗታል። አደራው ይጠበቃል፣ እሳቸውም ተኝተው ያድራሉ። አባቷ ብቻ ይቀራል፣ እጁ የከዳው ሆኖ ለዘላለም። አባቷ ራሱ ይህን መርጧል፤ ሆድ ይፍጀው ብሏል። ሊዮባ ግን የእሷ ሆድ ይህን ሊፈጅ እንደማይችል አወቀች።

«የለም አባባ» አለች።

«ምኑ?»

«የሳተበት ቦታ። መስመሯ በሁሉም ጥርስ ዙሪያ አለች። ግማሹን በልቶ ግማሹን ትቷል። አንድም ቦታ አልሳተም።»

አያቷ ፊታቸውን ወደ ጎን መለሱ፤ እሷን ለማየት ነው። «ታዲያ ለምን አልገጠመም?»

«ያንሳል።»

«በወርዱ?»

«በወርዱም በቁመቱም። እኩል ነው የሚያንሰው።»

ዕድሜውን በእንጨት ለጨረሰ ሰው ከዚህ በላይ መንገር አያስፈልግም። አያቷ በጣም ቀስ ብለው «ወረቀቱ» አሉ። «ወረቀቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ሊዮባ መዘውሩን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

እዚህ ላይ ልታቆም ትችል ነበር። አላውቅም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ግን አላውቅም ካለች፣ ልጃቸው የገዛ እጁን እየረገመ የሞተ ይመስላቸዋል።

«ያውቅ ነበር» አለች። «አልጋ ላይ እያለ ማስመሪያ አስመጥቶኝ ለካው። ከዚያ ሳቀ። በጣም ሳቀ። ለእርስዎ እንዳልነግርዎት አደራ አለኝ።» ወደ ሰጋቱራው አቀረቀረች። «ይኸው አደራውን በላሁት።»

አያቷ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ቀሩ። «ሽርጡን ያስወለቅሁት እኔ ነኝ» አሉ። «አንድ ወር ሊሠራ ይችል ነበር። ተቀምጦም ቢሆን። እኔ ነኝ ያስወለቅሁት።» ከዚያ አለቀሱ። ሊዮባ አያቷ ሲያለቅሱ በቀብሩም አላየችም። እሁድ ቀኑን ሙሉ ይህንን ነበር የተመኘችው፤ ሲሆን ግን ምንም ደስ አላላትም። መሬቱ ላይ፣ ሰጋቱራው ውስጥ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈች። እሷም አለቀሰች፣ ሽንኩርት ሳያስፈልጋት።

በኋላ አያቷ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ በይ ትክክለኛውን ኮፒ አስነሺና አዲስ ቁረጪ አሏት። አንቺ ትችያለሽ፣ ክሌመንስ ነግሮኛል አሉ። ይህ ራሱ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ያስደስታት ነበር።

«አልቆርጥም» አለች ሊዮባ።

«ካልቆረጥሽ ሰዓቱ አይሄድማ።»

ሊዮባ መዘውሩን በሁለት እጇ ያዘች። ይህ የአባቷ እጅ የመጨረሻው ሥራ ነው። ይህን አውጥታ በእሷ ብትተካው ሰዓቱ ይሄዳል፣ ግን የማን ሰዓት ይሆናል? ግድግዳው ላይ የቀሩትን ክፍሎች አየች። ትልቁ መዘውር የሚነካው አንዷን ብቻ ነው፣ ትንሿን። የሌሎቹ ጥርስ ከእሱ ጋር አይገናኝም።

«አባባ፣ ትንሿን ብናሳንሳትስ?»

«እንዴት?»

«ትልቁ ያነሰውን ያህል ትንሿም ታንስ። ዘንጉን ደግሞ በዚያው ልክ እናቀርበዋለን። የድሮውን ቀዳዳ ደፍነን አጠገቡ ሌላ እንበሳለን።»

የአያቷ ጣቶች በአየር ላይ ሁለት ክብ ነገር እያገናኙ እያላቀቁ ቆዩ። በውስጣቸው ያለው ሰዓት ሠሪ ከሐዘናቸው ሥር ቀና ሲል አየችው። ይሆናል አሉ፤ ግን ያንኑ ያህል ማነስ አለባት፣ ከዚያ ትንሽ ብትበልጥ ወይ ብታንስ ትቸነከራለች፣ እንዲህ ያለውን ደግሞ በእጅ እሥላለሁ ማለት ዘበት ነው አሉ።

«በእጅ አይደለም» አለች ሊዮባ። «ያው ማሽን ከተማ አለ አይደል።»

ከአያቷ ደረት አንድ ነገር ወጣ፤ ሳቅም ይሁን ሳል ሊዮባ አላወቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት አያቷና ሊዮባ የቤተ ክርስቲያን ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ኤጎን ቆሞ ነበር። ሰላምታ እንኳን ሳይጨርስ አያቷ፣ የክሌመንስ እጅ አልከዳውም፣ ወረቀቱን አሳንሼ ያመጣሁበት እኔ ነኝ፣ ለሌሎቹም ንገርልኝ አሉት። ኤጎን ባርኔጣውን አወለቀ። አውቶቡስ ውስጥ ሁሉ አያቷ የሊዮባን ክንድ አልለቀቁም።

ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ወጣት ነው፣ ከሊዮባ ብዙም አይበልጥም። የትንሿን መዘውር ንድፍ ከአያቷ እጅ ተቀብሎ ማሽኑ ላይ አነጠፈው። ክዳኑን ሊዘጋ ሲል ግን ቆም አለና መለስ ብሎ አያቸው።

«አባት፣ ይህ ማሽን ካልነገሩት በቀር ዳሩን ለመተው ብሎ ትንሽ ያሳንሰዋል» አለ። «ይህ ደግሞ የሥራ ንድፍ ይመስላል። በትክክለኛው መጠን ላድርግልዎት?»

አያቷ የልጁን ፊት ለማግኘት ወደ ጆሮው ተመለከቱ። ያኔ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም፤ ወይም ጠይቋቸው አልሰሙት ይሆናል። እጃቸው የሊዮባን ትከሻ ፈልጎ ያዘው።

ሊዮባ ከቦርሳዋ የአባቷን መዘውር አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፤ ኮፒው ሲወጣ የጥርሶቹን ስፋት ልትለካበት ነው።

«አይ፣ ማሽኑን አትንካው» አለችው። «እንደዚያው ያሳንሰው።»